ስሙ ስጦታ፣ ሥራው ግብር

ሰው ብቻውን ይኖር ዘንድ አልተፈጠረም። ሲወለድ የጎረቤት ሴቶች እጅ ይቀበለዋል፤ ሲሞትም የጎረቤት ወንዶች ትከሻ ይሸከመዋል። በነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ዕድሜውም ያለ ሰው እርዳታ የሚፈጽመው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» አሉ። ይህን ተረት ያልሰማ ወጣት የለም። ነገር ግን ተረቱን ስንደጋግም አንድ ነገር ሳንጠይቅ እናልፋለን፤ ይኸውም ሎሚውን ለሃምሳው ሰው ያደለው ማን ነው? ሃምሳውስ ሰዎች ወደው ያዙት ወይስ ተገደው? የሚለው ነው። ተገደው የያዙት ከሆነ ሎሚው ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ሃምሳ ትንንሽ ሸክም ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር በመሥሪያ ቤቶቻችን ለሻይና ለቡና፣ ለሠርግና ለአራስ፣ ለሹመትና ለሽኝት እየተባለ በየወሩ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ስለሚሰበሰበው መዋጮ ነው። «ይህ ደግሞ ምን የሚጻፍበት ነገር አለው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የአንድ ሕዝብ ጠባይ ግን በታላላቅ ጉዳዮች ብቻ አይታወቅም። ጉቦን የሚጸየፍ፣ ሌብነትን የሚኰንን ሰው፣ ከድኻ ጓደኛው ኪስ ያለ ፈቃዱ መቶ ብር ማውጣትን ግን እንደ ደግነት ሲቈጥረው ይገኛል። እንደ ደግነት የሚቈጠር ክፉ ነገር ደግሞ ክፋቱ ከታወቀው ነገር ይልቅ ለመንቀል ያስቸግራል፤ ማንም አረም ነው ብሎ አያርመውምና።

ስለ መዋጮ ለመናገር ከሚሴንና አካባቢዋን ምሳሌ ማድረግ የተሻለ ነው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ሰው አፍ የሚነገሩባት፣ ከሕዝቡ የሚበዛው ሙስሊም ሆኖ ክርስቲያኑም በጎረቤትነት የሚኖርባት አገር ናት። የዚህ አገር ሰው መዋጮን ከመሥሪያ ቤት አልተማረም። መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር ሳይኖር ማዋጣትን ያውቅ ነበር።

በወሎ ሌላው አገር እድር የሚለውን ማኅበር ቅሬ ይሉታል። ሰው ሲሞት ቅሬተኛው መቃብር ይቈፍራል፣ ኀዘንተኛውን ያጽናናል፣ ለለቀስተኛው የሚሆን እህል ያዋጣል። ገበሬው በአዝመራ ጊዜ በደቦ ይረዳዳል። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ ተቀምጦ ይጨዋወታል። አንዷ ቡናውን ታመጣለች፣ ሌላዋ ቆሎውን፤ ምንም የሌላት ደግሞ ባዶ እጇን መጥታ ትመርቃለች፤ ምርቃቷም እንደ መዋጮ ይቈጠርላታል። በዚያ አገር አንድ ሰው ለሌላው አንድ ነገር ወድዶና አክብሮ ሲያቀርብ «ጀባ» ይላል። ጀባ የተባለ ነገር ከልብ የተሰጠ ነው፤ ጀባ በል ብሎ የሚያስገድድ ሰው ቢኖር ግን ቃሉን ራሱን አበላሸው ማለት ነው።

እንግዲህ ይህንን የመሰለ ልማድ ያለው ሕዝብ ልጆቹን አስተምሮ ወደ መሥሪያ ቤት በላከ ጊዜ፣ ልጆቹ የመዋጮውን ስም ይዘው ገቡ፤ ነፍሱን ግን ደጅ ትተውት የገቡ ይመስላል። ይህን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እናቁም።

አንድ ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ በከሚሴ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ እንበል። ቤት ተከራይቶአል፤ በገጠር ያሉ እናቱ የመጀመሪያ ደመወዙን እየጠበቁ ነው። ደመወዙን የተቀበለ ዕለት አንድ ጓደኛው የስም ዝርዝር ይዞ ይመጣል። «የሻይ ቡና 100 ብር» ይለዋል፤ ወጣቱም ይከፍላል። በሳምንቱ ዝርዝሩ ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን የተዛወሩት ኃላፊ የሽኝት ስጦታ ነው፣ 300 ብር። ወጣቱ እኒያን ኃላፊ ሁለት ጊዜ በኮሪደር ከማየት በቀር አያውቃቸውም። ከዚያ የአንዲት ሠራተኛ ሠርግ፣ ከዚያ የሌላው ልጅ መወለድ፣ ከዚያ የአዲሱ ኃላፊ አቀባበል ይከተላል። በዝርዝሩ ላይ በከፈለው ሰው ስም ትይዩ ምልክት አለ፤ ባልከፈለው ስም ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ዝርዝሩም ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ያን ባዶ ቦታ ሁሉም ያየዋል።

ልብ በሉ፤ ወጣቱን ማንም አልተቈጣውም፤ «ካልከፈልክ ትባረራለህ» ያለውም የለም። ዝርዝሩን ይዞ የሚዞረውም ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ምናልባትም ከሁሉ ይልቅ ለሰው የሚያስብ፣ ሌላው እምቢ ያለውን ድካም የተሸከመ ደግ ሰው ነው። ግዴታው ያለው በሰውየው አፍ ላይ ሳይሆን በባዶው ቦታ ላይ ነው። ያልከፈለ ሰው በቀልድ «ቋጣሪ» ይባላል፤ ቀልዱ ሲደጋገም «ማኅበራዊ ኑሮ አያውቅም» ወደ ማለት ይደርሳል፤ ይህም ቃል አንድ ቀን የሥራ አፈጻጸሙ በሚመዘንበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ወጣቱ ይህን ሁሉ ሳይነግሩት ያውቀዋል። ስለዚህ እየሣቀ ይከፍላል፤ ወደ እናቱ የሚልከውንም ገንዘብ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። በመዋጮው ያልተጠየቁት እናት ከሁሉ ቀድመው ከፈሉ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን እንመልከት። በመንግሥት ውሳኔ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ እንዲል ሆኖአል፤ በዚያው እርከን ከፍተኛው 39,000 ብር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «ሁላችንም እኩል ነን» ብሎ በነፍስ ወከፍ 300 ብር ቢሰበስብ፣ ዝቅተኛው ደመወዝተኛ ከደመወዙ ከ20 አንድ እጅ ሰጠ፤ ከፍተኛው ግን ከ130 አንድ እጅ ሰጠ። ቁጥሩ እኩል ነው፣ ሸክሙ ግን እኩል አይደለም። ጠረጴዛውን የምትወለውለው ሴትና በጠረጴዛው ላይ የሚፈርመው ሰው በአንድ ዝርዝር ላይ በአንድ ዋጋ ሲጻፉ፣ እኩልነት የመሰለን ነገር ድኻው ለባለጸጋው ሻይ መግዛቱ ነው። ከዚህም አልፎ ቡናውን የምታፈላው፣ ሲኒውንም የምታጥበው ያችው ሴት ስትሆን፣ በገንዘቧም በጉልበቷም ሁለት ጊዜ አዋጣች ማለት ነው።

በከሚሴ ያለ ሰው ይህን ሒሳብ በቀላሉ ከሚያውቀው ነገር ጋር ሊያስተያየው ይችላል። በእስልምና ሃይማኖት ሁለት ዓይነት መስጠት አለ። አንዱ ዘካ ነው፤ ግዴታ ነው። ሁለተኛው ሰደቃ ነው፤ በፈቃድ ነው። ዘካ ግዴታ ስለ ሆነ ልክ ተበጅቶለታል። የገንዘብ ዘካ ከ40 አንድ እጅ ነው፤ የሚወጣውም ገንዘቡ ከተወሰነው መጠን በላይ ሆኖ ዓመት ለሞላው ሰው ብቻ ነው፤ የሚሰጣቸውም ስምንት ወገኖች ናቸው፤ ከእነዚህም ቀድመው የሚጠሩት ድኾችና ችግረኞች ናቸው። ሰደቃ ግን ልክ የለውም፣ ተቈጣጣሪም የለውም፤ ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ ሳያውቅ ቢቀር ይመረጣል። በክርስትናም እንዲሁ ምጽዋት በስውር ቢሆን የተመሰገነ ነው። እንግዲህ የመሥሪያ ቤቱን መዋጮ በዚህ ሚዛን ብናስቀምጠው ምን እናገኛለን? ሲጠየቅ እንደ ዘካ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን እንደ ዘካ ለድኻው ምሕረት የለውም። ሲሰየም እንደ ሰደቃ ፈቃድ ነው፤ ነገር ግን እንደ ሰደቃ ስውር አይደለም። ከሁለቱም ክፉ ክፉውን ወሰደ፣ መልካም መልካሙን ተወ። ከድኻው ከ20 አንድ እጅ ሲወስድም፣ ዘካ ምንም ከማይጠይቀው ሰው ላይ የዘካን እጥፍ ወሰደ።

ሌላም ነገር አለ። በረመዳን ወር ሙስሊሙ ሠራተኛ ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውሃ እንኳ አይቀምስም። በዐቢይ ጾም ክርስቲያኑ 55 ቀን ወተትና ሥጋ ይተዋል። ዝርዝሩ ግን አይጾምም። የሻዩ ገንዘብ በረመዳንም ይጠየቃል፤ የጾመው ሰው ላልጠጣው ሻይ ይከፍላል። ለበዓል በሬ ይታረድ ተብሎ ሲዋጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አይበላምና። የወሎ ሰው ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ በጨዋነት የፈታ ሕዝብ ነው፤ ሠርግ ሲደግስ ለሌላው ሃይማኖት እንግዳ የሚሆነውን ለብቻው ያሳርዳል፣ ለብቻውም ያሠራል። ባለ ድግሱ በራሱ ገንዘብ እንግዳውን ሲያስብ፣ መሥሪያ ቤቱ በእንግዳው ገንዘብ እንግዳውን መርሳቱ ምን ይባላል?

ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከመዋጮዎቹ ሁሉ የሚከፋው ለአለቃ የሚደረገው ስጦታ ነው። ጋቢ ወይም ወርቅ ወይም ሌላ ዕቃ ተገዝቶ፣ ሠራተኛው ተሰብስቦ፣ ንግግር ተደርጎ ለኃላፊው ይሰጣል። ይህ ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም። በድሮው ሥርዓት ጭሰኛው በዓል ሲደርስ ለባለ መሬቱ ሙክት ወይም ማር ወይም ዶሮ ይዞ መሄድ ነበረበት፤ ስሙም እጅ መንሻ ወይም መተያያ ይባል ነበር። በሕግ የተጻፈ ግብር አልነበረም፤ «በፍቅር» የሚሰጥ ነበር። ነገር ግን ባዶ እጁን የሄደ ጭሰኛ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን ስለማግኘቱ እርግጠኛ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ከነእጅ መንሻው አስቀረው። ታዲያ የጭሰኛው የልጅ ልጅ ተምሮ፣ ጠረጴዛ ይዞ ሲቀመጥ፣ አያቱ የተገላገሉትን ሙክት እንደ ገና ሲጎትት ማየት አያሳዝንምን?

«ኃላፊው ደግ ሰው ስለ ሆኑ ነው፤ ወድደን ነው» የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከሠላሳው ሠራተኛ ሃያ ዘጠኙ ወድደው ቢሆንና አንዱ ፈርቶ ቢሆን፣ ማን ወድዶ ማን ፈርቶ እንደ ሰጠ ኃላፊው በምን ያውቃሉ? ሁሉም ፊት ላይ ያለው ያው ፈገግታ ነው። ስለዚህ ግዴታ ያለበት ስጦታ የሚጎዳው ድኻውን ብቻ አይደለም፤ ተቀባዩንም ይጎዳል። እውነተኛ ፍቅር የሠራ ኃላፊ እንኳ የፍቅሩን ምስክር እንዳያገኝ ያደርገዋል። ወርቅና መዳብ በአንድ እሳት ቀልጠው ከተቀላቀሉ በኋላ ወርቁ ይሄ ነው ብሎ ማውጣት ጭንቅ ነው።

ይህን አደጋ ሌሎች አገሮችም አውቀውታል። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ሕግ፣ የበታች ሠራተኛ ለአለቃው ስጦታ እንዳይሰጥ፣ ለዚሁም ብሎ ከጓደኞቹ መዋጮ እንዳይጠይቅ ተከልክሎአል። ሕጉ ጨካኝ አይደለም። በመሥሪያ ቤት አብረው የሚበሉትንና የሚጠጡትን፣ ዋጋው ከ10 ዶላር የማይበልጠውን ትንሽ ነገር፣ እንደ ሠርግና እንደ ጡረታ ባለ ጊዜ የሚሰጠውንም ስጦታ ይፈቅዳል፤ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ገንዘብ ሲሰበሰብም ጥቂት እንዲሆንና በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ያዛል። አንድ ታላቅ መንግሥት ስለ ስጦታ ይህን ያህል መጨነቁ ስስት አይደለም። በአለቃና በበታች መካከል «እባክህ» የሚለው ቃል «አድርግ» ወደሚለው ለመለወጥ አንድ ርምጃ ብቻ እንደሚቀረው ስላወቀ ነው።

በእኛም አገር ቢሆን መስጠት ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያሳይ ጥንታዊ ሥርዓት አልጠፋም። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ቡሳ ጎኖፋ የሚባል አለ። ከብቱ በድርቅ ወይም በሌላ አደጋ ያለቀበትን ሰው ጎሣው ከብት አዋጥቶ እንደ ገና ያቋቁመዋል። መዋጮው ካለው ወደሌለው ይወርዳል። ውሃም ተፈጥሮው እንዲሁ ነው፤ ከተራራ ወደ ሜዳ ይወርዳል እንጂ ከሜዳ ወደ ተራራ አይወጣም። የአለቃ ስጦታ ግን ከሜዳ ወደ ተራራ የሚወጣ ውሃ ነው፤ እንዲህ ያለ ውሃ ደግሞ ካልገፉት አይወጣም።

ስለ ውሃ ካነሣን ዘንድ፣ ከሚሴ አጠገብ ያለውን የጨፋን ረግረግ የሚያውቅ ሰው ቦርከና ወንዝ በዚያ ሲገባ እንዴት እንደሚሰወር ያውቃል። የመዋጮውም ገንዘብ እንዲሁ ነው፤ መግቢያው ይታያል፣ መውጫው አይታይም። ስንት ተሰበሰበ? ስኳሩ በስንት ተገዛ? የተረፈውስ ማን ዘንድ አለ? ብሎ የጠየቀ ሰው እንደ ነገረኛ ይታያል። ቦርከና እንኳ ረግረጉን አልፎ በመጨረሻ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ የሻዩ ሣጥን ግን ወዴት እንደሚወርድ የሚነግረን የለም። አገራችን ከሠራተኛው ደመወዝ የሰበሰበችውን ትልቁን መዋጮ እናስታውስ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረት ከተጣለ በኋላ ሠራተኛው የወር ደመወዙን በ12 ወር ከፋፍሎ ቦንድ ገዛ። ከልቡ የሰጠ ብዙ ነው፤ በስብሰባ ላይ ስለ ተፈረመ ብቻ የሰጠም አልጠፋም። ቢሆንም የቦንድ ወረቀቱ በእጁ ነበረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅም ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ በዓይኑ አየ። ዓባይን ለሚገድብ ገንዘብ ወረቀት ከተሰጠ፣ ሻይ ለሚያፈላ ገንዘብ ሒሳብ መጠየቅ ነውር ሊሆን አይችልም።

አሁን የተቃዋሚዎቻችንን ቃል በቅንነት እንስማ። ከሁሉ የሚበረታው ይህ ነው፤ «ቅሬም እኮ ግዴታ ነው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ መዋጮ ያልከፈለ ይወቀሣል። ቅሬን እያመሰገናችሁ የመሥሪያ ቤቱን መዋጮ ለምን ትነቅፋላችሁ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ ቅሬተኛው ሕጉን ራሱ ተሰብስቦ አውጥቶታል፤ ስንት እንደሚከፍልና ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያውቃል። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ግን የሚቀጥለው ዝርዝር መቼና ስለ ማን እንደሚመጣ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ቅሬ የሚሰበሰበው ለሞት ነው፤ ሞት ደግሞ ከማንም ደጅ አይቀርም፤ ስለዚህ ዛሬ የሰጠ ነገ ይቀበላል። ሹመትና ሽኝት ግን ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ደጅ አይመጡም፤ ሃያ ዓመት ሰጥታ አንድ ቀን ላትቀበል ትችላለች። ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው፤ የቅሬው መሪ ጎረቤትህ እንጂ የእንጀራህ ጌታ አይደለም። ብታስቀይመው ደመወዝህን አያዘገይም፣ ፈቃድ አይከለክልህም፣ ዝውውርህን አያግድም። በመሥሪያ ቤት ግን ጠያቂው ወይም ከጠያቂው ጀርባ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሊያደርግ ይችላል። ጠያቂው በእንጀራህ ላይ ሥልጣን ካለው ጥያቄው ትእዛዝ ነው፤ ቃሉ ምንም ያህል ቢለሰልስ።

ሌሎች ደግሞ «ፍቅር ይቀዘቅዛል፤ አንድነታችን ይላላል» ይላሉ። ሰኞ በባቲ ገበያ ፍየል የሚገዛ ሰው ዋጋው ካልተስማማው «አላህ ይስጥህ» ብሎ ያልፋል፤ ሻጩም አይቀየምም። በገበያ እንኳ ያለው ይህ ነጻነት በወዳጆች መካከል ከጠፋ ወዳጅነቱ ቀድሞውኑ ቀዝቅዞአል ማለት ነው። እምቢ ማለት በማይቻልበት ቦታ እሺ የሚለው ቃል ዋጋ የለውም። ፍቅር በዝርዝር የሚጠበቅ ቢሆን ኖሮ ባልና ሚስት ሁሉ መዝገብ በያዙ ነበር።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 59፣ በሕግ ወይም በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ በሰጠው ስምምነት ካልሆነ በቀር አሠሪው ከደመወዝ ላይ እንዳይቀንስ ይከለክላል፤ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ ከሦስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ወስኖአል። ለመንግሥት ሠራተኞችም በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ በኋላ በሌላ የተተካው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 515 ይህንኑ የመሰለ ጥበቃ ይዞ ነበር። የጡረታ መዋጮ ያለ ጥያቄ ይቈረጣል፤ ነገር ግን ሕግ አለው፣ አሠሪውም ከሠራተኛው የበለጠ ይጨምርበታል፣ በእርጅና ጊዜም ተመልሶ ይመጣል። ሕግ ደመወዝን እንዲህ አጥብቆ ያጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። ደመወዝ የላብ ዋጋ ነው፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ማንም እጁን ሊያስገባበት አይገባም።

ታዲያ ቡናው ይቅር? ጓደኛ ሲያገባ፣ ሲወልድ፣ ሲያዝን ዝም እንበል? ይህ ከቶ አይሁን። ሻሽ ቢቆሽሽ ያጥቡታል እንጂ ራስ አይቈርጡም። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ የስም ዝርዝሩ ይቅር፤ በእርሱ ፋንታ የተዘጋ ሣጥን ይቀመጥ፤ ሰው ያለውን ያግባ፣ የሌለው ባዶ እጁን ዘግቶ አግብቶ ባዶውን ያውጣ፤ ማንም አይወቀው። ሁለተኛ፣ ሻይ የሚጠጣ ለጠጣው ይክፈል፤ የጾመ አይክፈል። ሦስተኛ፣ ለአለቃ በገንዘብ የሚሰጥ ስጦታ ፈጽሞ ይቅር፤ የሚወደድ ኃላፊ ሲዛወር ሠራተኞቹ የፈረሙበት የምስጋና ደብዳቤ ይስጡት፤ ምርቃትም ይጨምሩለት። በወሎ ምርቃት ትንሽ ስጦታ አይደለም። አራተኛ፣ ኀዘንና ሕመም ሲመጣ ብዙ ደመወዝ ያለው አስቀድሞ ብዙ ይስጥ። አምስተኛ፣ የገባውና የወጣው በየወሩ ተጽፎ ይለጠፍ።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ ወይም ነገ ወደ ሥራ ትገባላችሁ፤ ዝርዝሩም ይመጣላችኋል። በመጀመሪያው ቀን ተነሥታችሁ እንድትጣሉ አንመክራችሁም፤ በቁጣ የተነገረ እውነት ሰሚ አያገኝምና። ነገር ግን በለሰለሰ ቃል «በዚህ ወር አይመቸኝም» ማለትን ተለማመዱ። ይህን ዐረፍተ ነገር ያለ ኀፍረት መናገር የሚችል ሰው ነጻ ሰው ነው። ሌላው ሰው ይህን ሲናገር ብትሰሙም አትሣቁበት፤ ይልቁንም «ልክ ነህ፣ ግድ የለም» በሉት። አንድ ሰው ብቻውን እምቢ ሲል ቋጣሪ ይባላል፤ አጠገቡ ሁለተኛ ሰው ሲቆም ግን ነገሩ ምክር ይሆናል። ለችግረኛ ጓደኛችሁ ልትሰጡ ስትፈልጉ ደግሞ ዝርዝሩን አትጠብቁ፤ ማታ ወደ ቤቱ ሄዳችሁ ስጡት። ዝርዝሩን የምትነቅፉ ስስታሞች ሳይሆኑ ከዝርዝሩ የበለጠ የምትሰጡ ሰዎች መሆናችሁ በዚያ ይታወቃል።

አንድ ቀን ደግሞ ከእናንተ መካከል ኃላፊ የሚሆን ይኖራል። ያን ጊዜ ሠራተኞቻችሁ ገንዘብ አዋጥተው ዕቃ ይዘው ሲቀርቡ ልባችሁ ደስ ይለው ይሆናል። ከመቀበላችሁ በፊት ግን ከበሩ አጠገብ የቆመችውን፣ ጠረጴዛችሁን የምትወለውለውን ሴት ተመልከቱ፤ በዚያ ዕቃ ውስጥ የእርስዋ 300 ብር አለበት፤ 300 ብሩም የልጆቿ ዳቦ ነበረ። «አመሰግናለሁ፤ ገንዘቡን ለየባለቤቱ መልሱልኝ፤ ምርቃቱን ግን እወስዳለሁ» ያለ ኃላፊ፣ የተሰጠውን ጋቢ ከለበሰው ይልቅ ሞቆት ይሄዳል።

መስጠት የነጻ ሰው ሥራ ነው። ባሪያ ሊያስረክብ ይችላል፣ ገባርም ሊከፍል ይችላል፤ ስጦታ ሊሰጥ የሚችለው ግን እምቢ ማለት የሚችል ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ በየመሥሪያ ቤታችን ስጦታ እንዲበዛ ከወደድን፣ አስቀድመን እምቢ ማለትን የማያስነውር ነገር እናድርገው።